ጠዋት የሚወጋ ተረከዝ፣ ማታ የሚዝል ወገብ

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም ነው። ከአምስት ወር ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መራመድ ስጀምር የቀኝ ተረከዜ ሥር ክፉኛ ይወጋኛል። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ይለቀኛል፤ ማምሻውን ተመልሶ ይመጣል። ባቴ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው፤ አንዳንድ ሌሊትም ይሸማቀቃል። ወገቤ ማታ ማታ ይዝላል፤ ጠዋት ጎንበስ ስል ደግሞ ይይዘኛል። ራጅ ተነሥቼ ተረከዝሽ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል ተባልኩ። እግሬን በጠርሙስ ላይ እያንከባለልኩ አሻለሁ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሻለኛል፣ ከዚያ ያው ነው። ልረፍ ወይስ ልንቀሳቀስ? ሦስቱ ሕመሞች ይያያዛሉ? በቤቴስ ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ በጥያቄዎ መካከል እንደ ዋዛ ያስገቧት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ለአንድ ሰዓት ያህል ይሻለኛል፣ ከዚያ ያው ነው»። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ይህችን ቅሬታ የማልሰማበት ሳምንት የለም፤ መልሱም የሚጀምረው ከእሷ ነው። ማሸት፣ ማንከባለል፣ ማፍታታት፣ ሙቅ ውሃ፣ ቅባት፣ ሁሉም ሕመምን ለጊዜው ያበርዳሉ። ተረከዝዎና ወገብዎ ነገ የሚጠብቃቸውን ጫና የሚችሉበትን አቅም ግን አንዳቸውም አይጨምሩም። የእርስዎ ችግር ደግሞ፣ ከጻፉት እንደምረዳው፣ ጫናው ከአቅሙ መብለጡ ነው። ስለዚህ ማሸትዎን አልነቅፍም። ማሸት ባስገኘልዎ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ምን ቢሠሩ እንደሚበጅ ግን ልንገርዎ።

አስቀድሜ በቤት ውስጥ የማይሞከሩትን ልለይ። ሽንት አልወርድ ካለ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልትና በጭን ውስጠኛው ክፍል አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ የወገብ ነርቮች በብርቱ ተጨፍልቀው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ መዘግየቱ ዘላቂ ጉዳት ያስከትላል። የእግር ጣቶች ወደ ላይ አልነሣ ብለው እግር መጎተት ከጀመረም ቀጠሮ አይጠበቅም። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ፣ በተለይ ከረጅም ጉዞ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከወሊድ በኋላ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና አይታሽም፤ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት ጉዳዩ የሕይወት ነው። ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ ቀድሞ የነበረ ካንሰር፣ ከውድቀት በኋላ የመጣ ሕመም፣ በየትኛውም አተኛኘት የማይበርድ የሌሊት ስቃይ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ጠርሙስም ሙቅ ውሃም ይቅርበት፤ ሲቃጠልና ሲቆስል አይሰማውምና።

አንድ ልጨምር። የተወሰነ ርቀት ሲሄዱ ባት የሚያመው፣ ቆም ሲሉ ወዲያው የሚለቀው ሕመም፣ በተለይ በአጫሾች ላይ፣ የደም ቧንቧ መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። መቆሙ ብቻ ሳይበቃው፣ ቁጭ ሲሉ ወይም ወደፊት ደገፍ ሲሉ የሚለቅ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ አከርካሪ ቦይ (ነርቮች የሚያልፉበት የአከርካሪ አጥንት ቀዳዳ) መጥበብ ይዞራል። በአቋቋምና በአቀማመጥ የሚለይ ነገር ስለሆነ ለሐኪም ሲናገሩ ይህችን ዝርዝር አይዝለሏት።

እርስዎ ከጻፉት ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። ስለዚህ ወደ ተረከዙ።

የመጀመሪያው እርምጃ ላይ የሚወጋ፣ ሲሄዱበት የሚላላ፣ ከብዙ መቆም በኋላ የሚመለስ የተረከዝ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የፕላንታር ፋሺያ ሕመም ነው። ፕላንታር ፋሺያ ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጠንካራ የጅማት ሽፋን ነው። ራስዎ ይፈትሹት። ቁጭ ብለው የሚያመውን እግር በሌላኛው ጉልበት ላይ ያድርጉ፤ በአንድ እጅ አውራ ጣቱን ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ፤ በሌላው እጅ አውራ ጣት ደግሞ ተረከዙ ከውስጥ እግር ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ፣ ወደ ውስጠኛው ጎን፣ ጫን ይበሉ። የሚያውቁት ውጋት እዚያው ከተነሣ ቦታውን አግኝተውታል። ተረከዙን በሁለት መዳፍ ከግራና ከቀኝ ሲጨምቁት ከሆነ የሚያመው ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል ከእንቅስቃሴው በፊት ይመርመሩ።

ሁለተኛ ፈተና አለ፤ ይኸኛው ሕመሙ ከወገብ ነርቭ የመጣ መሆን አለመሆኑን ይጠቁማል። ወንበር ላይ ጎብጠው ይቀመጡ፣ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ያስጠጉ፣ የሚያመውን እግር ጉልበት ቀስ ብለው ይዘርጉ። ተረከዝዎ ወይም ባትዎ ካመመ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ አንገትዎን ብቻ ቀና ያድርጉ። አንገት ሲቃና የእግሩ ሕመም ከቀነሰ ነርቭ አለበት ማለት ነው፤ የአንገት እንቅስቃሴ ተረከዝ ሥር ያለውን ጅማት የሚነካበት መንገድ የለምና። ምንም ካልተለወጠ ተረከዙ የራሱ ሕመም ነው ያለው።

ስለ ራጁ ብዙ አይጨነቁ። ያ «ትርፍ አጥንት» ተረከዛቸውን አሟቸው በማያውቅ ብዙ ሰዎች ላይም ይገኛል፤ የታመሙትም ሲድኑ አጥንቱ ከቦታው አይነሣም። ውጤቱን አንብበው «አጥንት እየወጋኝ እንዴት እራመዳለሁ» ብለው መንቀሳቀስ የሚያቆሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ከአጥንቱ ይልቅ ወረቀቱ ጎድቷቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሂክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አንድ ቀላል ነገር ገልጾ ነበር፦ የእግር አውራ ጣት ወደ ላይ ሲታጠፍ ይህ የጅማት ሽፋን በጣቱ ሥር ዞሮ ይወጠራል፣ የእግሩ ቅስትም ከፍ ይላል። ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚሆነው ይኸው ነው። ይህን በመጠቀም አንድ የዴንማርክ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ሥራ 48 ታማሚዎችን በሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን ውስጥ እግሩን እንዲያፍታታ፣ ሌላው ከጣቶቹ ሥር ፎጣ አድርጎ ተረከዙን ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ ታዘዘ። በሦስተኛው ወር ጥንካሬ የሠሩት በግልጽ ተሽሏቸው ነበር፤ ዓመት ሲሞላ ግን ሁለቱ ቡድኖች ተቀራርበዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ተአምርም አያወራም። ቶሎ መሻል ለሚፈልግ ሰው ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎጣ ጠቅልለው በደረጃ ጫፍ ላይ ያድርጉ። ጣቶችዎን በጥቅሉ ላይ ጭነው ወደ ላይ እንዲቀለበሱ ያድርጉ፤ ተረከዝዎ ከደረጃው ወጥቶ አየር ላይ ይሁን። ግድግዳ ወይም የደረጃ መደገፊያ በጣትዎ ጫፍ ይንኩ እንጂ አይንጠልጠሉበት። 3 ሰከንድ ቆጥረው ይነሡ፣ ላይ ሲደርሱ 2 ሰከንድ ይቆዩ፣ 3 ሰከንድ ቆጥረው ይውረዱ። ሰው ሁሉ የሚያጠፋት ይህችን ቆጠራ ነው፤ ሁለት ቀን በሥርዓት ይቆጥርና በሦስተኛው መዝለል ይጀምራል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሥራውን የሚሠራው ጡንቻው መሆኑ ይቀራል። ሲነሡ ቁርጭምጭሚትዎ ወደ ውጭ አይውደቅ፤ ክብደትዎ በአውራ ጣት ሥር ሲያልፍ ይሰማዎት። 12 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በየሁለት ቀኑ አንዴ። በአንድ እግር ካልተቻለ በሁለቱም እግር ይጀምሩ፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ ወደሚያመው ያዛውሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲቀልዎ በጀርባ ቦርሳ መጽሐፍ ጭነው ወደ 10 ጊዜ በ4 ዙር፣ ከዚያም ይበልጥ አክብደው ወደ 8 ጊዜ በ5 ዙር ይሂዱ። የማያመውን እግርም አብረው ያሠሩት።

ይህን የሚሠሩት እንግዲህ በጠርሙሱ ካሹት በኋላ ነው፤ ሕመሙ በረድ ባለባት በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ። ባትዎም በዚሁ ሥራ ይጠቀማል። የባት ጡንቻዎች በተረከዝ ጅማት በኩል በዚያው የተረከዝ አጥንት ላይ ስለሚታሰሩ ባት ሲወጠር የውስጥ እግሩ ጫና ይጨምራል። የባትና የተረከዝ ሕመምዎ የተያያዙት በዚህ ነው። «ሁልጊዜ የተወጠረ» የሚሉት ባት ብዙ ጊዜ የደከመ ባት ነው፤ ሲጠነክር ውጥረቱም አብሮ ይላላል።

ጠዋት ደግሞ እግርዎ መሬት ከመንካቱ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፣ እግሩን ጉልበት ላይ ያድርጉ፣ ጣቶቹን ሁሉ ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ። በሌላው እጅ ውስጥ እግርዎን ሲዳስሱ የተገተረ ጅማት መሰማት አለበት፤ ካልተሰማ ገና አልሳቡም። 10 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ። በቀን ሦስት ጊዜ ቢሆን መልካም ነው፤ አንዴ ብቻ ከሆነ ግን የጠዋቷ አትቅር። ጫማዎ አልጋው አጠገብ ይደር፤ በባዶ እግር ጠንካራ ወለል ላይ መውረድን ለጥቂት ሳምንታት ይተዉት።

አሁን ወደ ወገቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ ከ10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ይህ ነው የሚባል የተለየ መንስኤ የማይገኝለት ዓይነት ነው። መንስኤ አልተገኘም ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ ጡንቻው፣ መገጣጠሚያው፣ ዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ)፣ እንቅልፉ፣ ጭንቀቱ ተደማምረው ያመጡት ስለሆነ አንድ ጥፋተኛ ነቅሶ ማውጣት አይቻልም ነው። በዚህ ምክንያት ኤምአርአይ ለመነሣት አይጣደፉ። ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል የመረመሩ ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ የ2015 ግምገማ በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ላይ ካሉት 96 በመቶው የዲስክ እርጅና እንደታየባቸው ያሳያል። ምስሉ አንድ ነገር ማሳየቱ አይቀርም፤ ያሳየው ነገር የሚያምዎ ነገር ነው ማለት ግን አይደለም።

ከወገብዎ ቅሬታ ውስጥ ጠዋት ጎንበስ ሲሉ የሚይዝዎ ላይ ልቆይ፤ ቀላል መፍትሔ ስላለው። ሌሊት ስንተኛ ዲስኮች ውሃ ይስባሉ፣ ያብጣሉ። ጠዋት ቁመታችን ከማታው በአንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ዲስኩ በዚያ ሰዓት ሙሉ ስለሆነ ጎንበስ ማለት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይጨንቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናትም በማለዳ ጎንበስ ከማለት መቆጠብ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመምን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ከተነሡ በኋላ ባለው የመጀመሪያ አንድ ሁለት ሰዓት ካልሲና ጫማዎን ቁጭ ብለው፣ እግሩን ወደ እርስዎ አምጥተው ያጥልቁ። ፊትዎን ሲታጠቡ አንድ እጅ ማስታጠቢያው ጠርዝ ላይ ይደገፍ። ከአልጋ ሳይወርዱ እጅን ዘርግቶ የእግር ጣት ለመንካት መታገልን ደግሞ ማን እንዳስተማረ አላውቅም፤ ወገቡን ለሚያመው ሰው ከዚያ የባሰ ሰዓት መምረጥ አይቻልም።

ቀን ላይ ግን ጎንበስ ማለትን አይፍሩት፤ አከርካሪ ለመታጠፍ የተሠራ ነው። ዕቃ ለማንሣት ሲሆን መታጠፉ ከዳሌ ይሁን። ለመለማመድ የመጥረጊያ እንጨት ከጀርባዎ ጋር አስጠግተው ይያዙ፤ እንጨቱ የራስዎን ኋላ፣ በሁለቱ ብራኳዎች መካከል፣ ከወገብ በታችም መቀመጫዎን ይንካ። መቀመጫዎን ወደ ኋላ እየገፉ ጎንበስ ሲሉ ከሦስቱ አንዱ ከለቀቀ ወገብዎ ታጥፏል ማለት ነው። ጭንዎ ኋላ ሲሳብ፣ መቀመጫዎ ሲሠራ እስኪሰማዎ ይደጋግሙት።

ለጥንካሬ ሁለት ነገር ይበቃዎታል። በጀርባ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው፣ በተረከዝዎ እየገፉ መቀመጫዎን ከወለሉ ማንሣትና ላይ 5 ሰከንድ መቆየት፤ እንዲሁም በእጅና በጉልበት ተንበርክከው ቀኝ እጅና ግራ እግርን፣ ከዚያም ተቃራኒውን መዘርጋት። በሁለተኛው ላይ ወገብዎ ላይ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ቢቀመጥ እንዳይፈስ አድርገው ነው የሚዘረጉት። 8 ወይም 10 ጊዜ፣ 2 ዙር፣ ያው ከተረከዙ ሥራ ጋር በየሁለት ቀኑ።

ልረፍ ወይ ላሉት፣ ለወገብ የአልጋ ዕረፍት መድኃኒት መሆኑ ከተሻረ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የ2 ቀንና የ7 ቀን ዕረፍት የታዘዘላቸው ሰዎች ሲነጻጸሩ በሕመሙ አካሄድ ልዩነት አልታየም፤ ልዩነቱ የ2 ቀኖቹ ቶሎ ሥራ መግባታቸው ነበር። በ2024 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ከወገብ ሕመም ያገገሙ ሰዎችን ቀስ በቀስ እየጨመሩ እንዲራመዱ አድርጎ ተከታተለ። ሕመሙ ተመልሶ እስኪመጣ ያለው አማካይ ጊዜ ለተራመዱት 208 ቀን፣ ላልተራመዱት 112 ቀን ሆኗል።

«እኔ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ነኝ» ይሉኝ ይሆናል። ቆሞ መዋል መራመድ አይደለም። ቆመው ሲውሉ ያው ጡንቻና ያው የተረከዝ ቦታ ያለ ፋታ ይጫናል፤ ሲራመዱ ግን ጫናው ይፈራረቃል። በሥራ ቦታዎ ዝቅ ያለ ነገር ላይ አንድ እግር ማሳረፍና እግር መቀያየር፣ ባገኙት አጋጣሚ ለአንድ ደቂቃ መቀመጥ ለወገብም ለተረከዝም ይጠቅማል። ከሥራ ውጭ በ10 ደቂቃ የሜዳ ላይ ጉዞ ይጀምሩ፤ ተረከዙ እምቢ ካለ ብስክሌት ለጊዜው ይተካዋል።

ሦስቱ ይያያዛሉ ወይ የሚለው ጥያቄዎ ግማሽ መልስ ቀርቶታል። ወገቡ ከተረከዙ ጋር ያለው ዝምድና እንደሚወራው የጠበቀ አይደለም። ሲያነክሱ ወገብ ሊታከት ይችላል፤ ለሁለቱም ቆሞ መዋሉና የዳሌ ጡንቻ መድከሙ ያዋጣሉ። «ውስጥ እግርሽ ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው ወገብሽ ያመመሽ» ብሎ ውድ የጫማ ሶል የሚያዝልዎ ሰው ካጋጠመ ግን ገንዘብዎን ይያዙ። ለተረከዙ ቀላል ሶል ለጊዜው ሊያግዝ ይችላል፤ ለወገቡ ይህን ያህል ቃል የሚያስገባ ማስረጃ የለም። ጫማው ተረከዝ አካባቢ የማይልፈሰፈስ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ያለው ይሁን፤ ከዚያ ያለፈው ምቾት ነው።

እንግዲህ መጠኑን በምን ያውቃሉ? በማግስቱ ጠዋት። ሕመም የለም የሚለውን 0፣ የማይቻለውን 10 ብለው በየጠዋቱ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ቁጥር ይስጧቸው፣ ይጻፉት። እንቅስቃሴውን እየሠሩ 4 ወይም 5 ድረስ ቢያምዎ ችግር የለውም፤ ወሳኙ የማግስቱ ቁጥር ነው። ከተለመደው ካልጨመረ መጠኑ ልክ ነበር። ከጨመረ ዙር ወይም ክብደት ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ደህና በዋለበት ቀን የሳምንቱን ሁሉ ይሠራል፣ በማግስቱ ይታመማል፣ ከዚያ «እንቅስቃሴ አይስማማኝም» ብሎ ለሁለት ሳምንት ይተኛል።

ሙቀት ለወገብ ለጊዜው ይረዳል፤ ለተረከዝ በረዶም ሙቀትም እንደሚስማማዎ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ሊያግዙ ይችላሉ፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ የደም ግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ግን ሳይጠይቁ አይወሰዱም። ፓራሲታሞል ለድንገተኛ የወገብ ሕመም ያን ያህል አይደለም፤ ከ1,600 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የ2014 ጥናት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ፈጥኖ የተሻለው አልነበረም። የስቴሮይድ መርፌ ተረከዝን ለሳምንታት ያስታግሳል፤ ጅማቱን የመበጠስ አደጋ ስላለው ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይሁን።

ሌሊት ባትዎ ሲሸማቀቅ ጣቶችዎን ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ ወይም ተነሥተው እግርዎን መሬት ላይ ይጫኑት፤ ይለቃል። ከመተኛትዎ በፊት ግድግዳ ተደግፈው፣ ተረከዝዎን ሳያነሡ ባትዎን ለ10 ሰከንድ ጥቂት ጊዜ ማፍታታት ድግግሞሹን ይቀንሳል። ብርድ ልብሱ እግርዎን ወደ ታች እንዳይጫን ልል ይሁን። ማግኒዥየም በሰፊው ይሸጣል፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን ለዚህ ሕመም እምብዛም ሲጠቅም አልታየም። ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒትም ለዚህ ሲባል አይወሰድ፤ ልብና ደምን የሚጎዳ መዘዝ አለው።

ወገብዎ ላይ በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ሊታይ ይችላል፤ ተረከዝ ግን ዘገምተኛ ነው፣ የአምስት ወር ሕመም በአምስት ቀን አይለቅም። በመጀመሪያው ወር የሚጠብቁት የጠዋት ቁጥር ከ7 ወደ 5 መውረዱን እንጂ መጥፋቱን አይደለም። 12 ሳምንት በትክክል ሠርተው ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ፊዚዮቴራፒስት ወይም የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የጻፉትን ቁጥር፣ የሠሩትን ዙርና ክብደት ይዘው ይቅረቡ፤ እንደ ሾክዌቭ (በሚያመው ቦታ ላይ በመሣሪያ የግፊት ሞገድ የሚላክበት ሕክምና) ያለ ተጨማሪ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ የሚወሰነው በዚያ ነው።